የነሐሱ ንጉሥ ሲተኛ

ሰውየው ደረቅ ነው። ደረቅ ስል የዋዛ ደረቅ እንዳይመስላችሁ። ቼዝ ሲጫወት ንግሥቱን በልተውበት፣ ሁለቱንም ፈረሶቹን ወስደውበት፣ ወታደሮቹን አንድ በአንድ ለቅመው ጨርሰውበት እንኳ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ያስባል። ምኑን እንደሚያስብ እሱና ፈጣሪው ይወቁት። ሌላው ሰው እዚህ ሲደርስ ሳቅ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ «በቃ አሸነፍከኝ» ይልና ሻዩን ይጠጣል። እሱ ግን ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነው። በሚሠራበት የብረታ ብረት ፋብሪካ «አይረቴ» የሚል ቅጽል ስም ያወጡለትም ለዚሁ ነው። ስሙን ሰምታችሁ አይረታም እንዳትሉ፤ ይረታል፣ ያውም በየሳምንቱ። ብቻ አፉ «ተሸነፍኩ» የምትለዋን ቃል አያውቃትም።

ሥራው ቶርኖ ላይ ነው። ቶርኖ ብረቱ እየተሽከረከረ በስለት የሚቀረጽበት ማሽን ነው፤ አይረቴ ከዚያ ማሽን ፊት ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሟል። የግራ እጁ ጠቋሚ ጣት ጫፍ የለውም። አንድ ብርዳማ ጠዋት ጓንት እንዳደረገ ማሽኑን አስነሳ፣ ጓንቱ ተጠምዝዞ ገባ፣ ጣቱም አብሮ ሄደ። ቶርኖ ላይ ጓንት እንደማይደረግ የማያውቅ ጀማሪ ቢሆን ደግ፤ ለአዳዲሶቹ ሠራተኞች ይህንኑ የሚያስተምረው ራሱ ነበር እኮ! ያን ዕለት በረደው፣ በቃ። እስከ ዛሬ ግን ሲጠየቅ «ማሽኑ ነው» ይላል እንጂ «ጥፋቱ የኔ ነው» ሲል የሰማው የለም።

ቼዙንም የሠራው ራሱ ነው። በቶርኖ ሥራ ብረት ከልኬቱ በታች አንዴ ከወረደ ወደ ልኬቱ አይመለስም፤ ሌላው ሠራተኛ ቅርጫት ውስጥ ይወረውረዋል። አይረቴ ግን «ለሌላ ነገር ይሆናል» እያለ መሳቢያው ውስጥ ያጠራቅመዋል። ሠላሳ ሁለቱም ጠጠሮች የወጡት ከዚያ መሳቢያ ነው፤ ግማሹ ነሐስ፣ ግማሹ ብረት። ፈረሶቹ እንኳ ፈረስም አይመስሉ፤ ቶርኖ ክብ ነገር እንጂ አፍንጫና ጆሮ አያወጣም። የነሐሱ ንጉሥ ግን ያምራል። ከበድ ያለ ነው፣ ትንሽ ከያዙት እጅ ውስጥ ይሞቃል፣ አናቱ ላይ ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች ተቀርጸውበታል። ሦስተኛዋ ከሁለቱ ትንሽ ጠለቅ ትላለች። እሷን የቀረጸችው ሴት ልጁ ናት፤ በአሥር ዓመቷ፣ እንጨት ሣጥን ላይ ቆማ፣ የአባቷ እጅ እጇ ላይ ሆኖ። አሁን ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ሌላ ልጅ የለውም።

እነዚህ ሰዎች ቤት ቼዝ ተቀምጦ መጫወት የሚባል ነገር የለም። ሰሌዳው ኮሪደሩ ላይ፣ ኮመዲኖው አናት ላይ ተዘርግቶ ይኖራል። የሚያልፈው ሰው ሲመቸው አንድ ጠጠር ያንቀሳቅስና አንዲት ሮንዴላ፣ ብሎን ሥር የምትገባዋን ቀዳዳ ብረት፣ ወደ ሌላው ጎን ይገፋል። ሮንዴላዋ በአንተ በኩል ካለች ተራው ያንተ ነው። አንድ ጨዋታ ሳምንትም ወርም ይፈጃል። እናትየው ቼዝ አትችልም፤ አቧራ ስትጠርግ ግን ጠጠሮቹን አንድ በአንድ አንስታ፣ ወልውላ፣ እዚያው ቦታቸው ትመልሳቸዋለች። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ የተሳሳተችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም እስከ ዛሬ ያነሱባታል።

ሕጋቸው ደግሞ እንዲህ ነው፦ እጅ የሚሰጥ ሰው ንጉሡን በገዛ እጁ ያስተኛል፣ ጮክ ብሎም «ተሸነፍኩ» ይላል። አንዴ የተኛ ንጉሥ አይነሳም። ልጅቱ ትንሽ ሳለች ስንቴ አስተኝታለች! አባቷ ግን አንድም ቀን። እሱ ማት እስኪሆን፣ ንጉሡ ማምለጫ እስኪያጣ ድረስ ይጠብቅና «ማት ነው» ብሎ እንደ ዜና አንባቢ ተናግሮ ጠጠሮቹን ይሰበስባል። «ቶሎ እጅ አትስጪ» ይላት ነበር። «መጨረስ የሚችል ከሆነ ይጨርስና እንየው። ስንቱ ነው ማሸነፍ ጀምሮ መጨረስ የሚያቅተው!»

ነገሩ የተበላሸው አንድ እሑድ ምሳ ላይ ነው።

«አባዬ» አለች ልጅቱ፣ ሹካዋን አስቀምጣ። «መልቀቂያ አስገባሁ።»

ልጅቱ የምትሠራው እዚያው እሱ ፋብሪካ፣ ጥራት ቁጥጥር ቢሮ ነበር። መስኮት ያለው ንጹሕ ክፍል፣ የራሷ ጠረጴዛ፣ የራሷ ወንበር። ያንን ሥራ እንድታገኝ አይረቴ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ሁለት ቀን ቆሟል፤ በዕድሜው ለሰው ያጎነበሰው ያኔ ብቻ ነው።

«ለቀሽ የት ልትሄጂ?»

«ሌላ ከተማ የሙያ ማሠልጠኛ አለ። ቶርኖ ላስተምር ነው።»

አይረቴ ደሙ ፈላ። «ቶርኖ? እኔ አንቺን ከዚያ ማሽን ላርቅሽ ጣቴን ገብሬ፣ አንቺ ተመልሰሽ ልትገቢበት?»

«ጣትህንስ የገበርከው ለጓንቱ ነው» አለች እናትየው ከወዲያ።

መናገር አልነበረባትም፤ ከዚያ በኋላ ሰውየውን የሚይዘው ጠፋ። «ሂጂ!» አለ። «ሂጂ፣ ማን ያዘሽ? ሦስት ወር አልሰጥሽም፤ ሻንጣሽን ተሸክመሽ ትመለሻለሽ። የዚያን ቀን እናወራለን።»

«ካልተመለስኩስ?»

«ትመለሻለሽ።»

በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ ተዘጋጉ። እሱ «ልጅሽ ጨው ታቀብለኝ በያት» ይላል እዚያው አጠገቧ ተቀምጦ፤ እሷ ጨዉን ገፋ አድርጋ «በቂ ነው ወይ በይው» ትላለች። እናትየው «እኔን ስልክ አደረጋችሁኝ!» ብላ አንድ ቀን ሳህኗን አንስታ ወጥ ቤት ገብታ በላች።

ጨዋታው ግን አልቆመም። ከጠቡ በፊት የተጀመረ ነበርና ሁለቱም «እኔ ነኝ የተውኩት» መባልን አልፈለጉም መሰለኝ። ልጅቱ ጠዋት ስትወጣ አንድ እርምጃ፣ እሱ ማታ ሲገባ አንድ እርምጃ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የተነጋገሩት ነገር ቢኖር ያቺ እርምጃ ብቻ ነበረች። እሱ ግን ጨዋታውን ሲያየው እየተሸነፈ ነው። የእሷ የመንገድ ቀን ደግሞ ቅዳሜ ነው። እጅ ቢሰጥ ጨዋታው ያልቃል፤ ጨዋታው ካለቀ ደግሞ ልጁ ኮሪደሩ ላይ ቆም የምትልበት ምክንያት አይኖርም፣ ቅዳሜም አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ ትሄዳለች። ፈራ። ዕድሜውን ሙሉ ላለመሸነፍ ሲል ይሟገት የነበረ ሰው፣ አሁን ሮንዴላዋ ወዲህና ወዲያ መመላለሷን እንዳታቆም ብቻ ይጫወት ጀመር።

ረቡዕ ማታ ሰሌዳው ይህን ይመስል ነበር። የእሱ የነሐስ ንጉሥ ጥግ ላይ ተወትፏል፣ መንቀሳቀሻ የለውም። የቀረው አንድ ግንብ ነው፤ ግንቡ ከንጉሡ አጠገብ ባለው መስመር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ መስመር ከወጣ ማት ነው። እሷ ግን ንግሥትም ወታደሮችም አሏት፤ አንደኛው ወታደር የመጨረሻው መስመር ላይ ሊደርስ አንድ እርምጃ ቀርቶታል። ገፋ ብታደርገው ሁለተኛ ንግሥት ይሆናል፣ በሁለተኛው እርምጃ ማት። ልጅቱ ግን ወታደሩን ትታ ንጉሧን አንድ ቤት አራምዳለች።

«አላየችውም?» አለ ለራሱ። ግንቡን አንድ ሁለት ቤት ወደ ላይ አወጣና ሮንዴላዋን ገፋ።

ሐሙስ ጠዋትም ወታደሩን አልገፋችውም፤ ንጉሧን ደግማ አንቀሳቀሰች። አይረቴ ቆሽቱ አረረ። በምሳ ሰዓት ፋብሪካው ጓሮ ብሎንና ፍሬ ደርድሮ ጨዋታውን ለብየዳ ሠራተኛው አሳየው። ብየዳው የዘወትር ተጋጣሚው ነው፤ ገና አንድ ፈረስ ሲያጣ እጅ የሚሰጥ ቀልጣፋ ሰው።

«ይህን ማት የማታይ ልጅ ነው ያሳደግኩት?» አለ አይረቴ። «አሥራ ስምንት ዓመት አስተምሬ!»

ብየዳው ብሎኖቹን አየት አደረገና ሳቀ። «አይ ጋሼ፣ እሷስ አይታዋለች። እየራራችልህ ነው።»

«ማን? ለኔ?»

«ታዲያ ለኔ ነው? እኔ አንተን ብሆን ዛሬ ማታ ንጉሤን አስተኝቼ አርፍ ነበር። የሞተ ጨዋታ ላይ መንጠልጠል ምን ያደርግልሃል? ሰው ተሸነፍኩ ብሎ ሌላ ጨዋታ ይጀምራል።»

አይረቴ ብሎኖቹን በእጁ ሰብስቦ ኪሱ ከተተና ሳይሰናበት ተነሳ። ከሰዓት በኋላ ሦስት ዘንግ አበላሸ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ በአንድ ቀን ሦስት አበላሽቶ አያውቅም። እሷ ልትራራልኝ? ያቺ በሣጥን ላይ ያቆምኳት? ማታ ገብቶ ግንቡን ወደ ታች አወረደና ሮንዴላዋን በጣቱ ቢገፋት ኮመዲኖው ሥር ገባች፤ ተንበርክኮ አወጣት።

ዓርብ ከሥራ ሲመለስ ሦስተኛው የንጉሥ እርምጃ ነው፤ ወታደሩ እዚያው፣ የእሷ ንጉሥ ደግሞ ግንቡ ካለበት መስመር አጠገብ ተጠግቶ ቆሟል። ከመኝታ ክፍሏ የሻንጣ ዚፕ ይሰማል። እናትየው የተጣጠፈ ልብስ ታቅፋ ወደ ልጇ ክፍል ስታልፍ ባሏን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው።

«ይህቺ ልጅ ዝም ብላ ነው የምትጫወተው» አላት። «አታይም።»

«እኔ ቼዝ አላውቅም» አለች እናትየው። «ግን አታይም አትበላት። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት እዚህ ግማሽ ሰዓት ትቆማለች። ዛሬማ አውቶቡሷ አመለጣት። ሻይዋን ሁለቴ አሙቄላታለሁ።»

ብላው ገባች። አይረቴ ብቻውን ቀረ። ግማሽ ሰዓት? በሁለት እርምጃ ያለቀ ጨዋታ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚቆም ሰው ምን እየፈለገ ነው? አሰበ፣ አሰበ፣ ለጨዋታው መልስ አላገኘም፤ ለልጁ ግን አገኘ። መጨረስ አልፈለገችም። እሱ ሮንዴላዋ እንዳትቆም እንደሚለፋ ሁሉ እሷም እየለፋች ኖሯል። ነገ ጠዋት ትሄዳለች፣ ይኼ ጨዋታ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ «ትመለሻለሽ» ያላትም እንዲሁ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እሷ አትጨርሰውም። ታዲያ ማን ይጨርሰው?

የነሐሱን ንጉሥ አነሳው። መዳፉ ውስጥ እስኪሞቅ ያዘው። ከዚያ ቀስ ብሎ በጎኑ አስተኛውና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተሸነፍኩ» አለ።

ድምፁ አልወጣለትም። አይ ልምድ ማጣት! እንደገና፣ ጮክ ብሎ፦ «ተሸነፍኩ!»

ዚፑ ቆመ። ልጅቱ ካልሲ በእጇ እንደያዘች ብቅ አለች፣ እናቷም በትከሻዋ በኩል አንገቷን አሰገገች። ልጅቱ ንጉሡን አየችው፣ አባቷን አየችው፣ መልሳ ንጉሡን።

«ምን አደረግክ አባዬ?» ከሦስት ሳምንት በኋላ ያናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው፤ ያውም በቁጣ። «መውጫ እያለህ?»

«የምን መውጫ?»

«ወይኔ! ሦስት ቀን ሙሉ እኮ ነው ያመቻቸሁልህ!» መጥታ ግንቡን ይዛ እንደ አስተማሪ አስረዳችው። «ግንብህን እዚህ ንጉሤ አፍንጫ ሥር አምጣና ቼክ በል። ብበላው አንተ መንቀሳቀሻ የለህም፣ ቼክም አልተባልክም፤ እኩል ነው። ባልበላው እየተከተልክ ቼክ ትላለህ፤ የትም አላመልጥህም። እኩል ነው! ንጉሤን በእግሩ እየጎተትኩ ያመጣሁልህ ለምን ይመስልሃል?»

አይረቴ አየ። እውነቷን ነው። ሕፃን የሚያየው ነገር ነው። አንዱን ግንቡን ሙጭጭ ብሎ ይዞ እሱን መስጠት እንደሚቻል እንኳ አልታየውም፤ ዓይኑ ሁሉ እሷ አላየችውም ባለው ወታደር ላይ ተተክሎ ነበር።

«ለምን አልጨረስሽኝም ታዲያ?»

ልጅቱ ካልሲውን ጠመዘዘችው። «አንተ ተሸነፍኩ አትልም። እኔ ደግሞ ማት አድርጌህ፣ አኩርፈኸኝ፣ እንዲያ ሆኖ መሄድ አቃተኝ። እኩል ወጥተን ልሂድ ብዬ ነው።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ንጉሡን መልሰህ አቁመው በቃ። አላየሁም። እማዬም አላየችም።»

«እኔ ምንም አላየሁ» አለች እናትየው።

እጁ ወደ ንጉሡ ሄዶ ነበር፤ አልዋሽም፣ ሄዶ ነበር። ጫፍ የሌላት ጣቱ ነሐሱን ነካች። ከዚያ መለሰው።

«የዚህ ቤት ሕግ ይታወቃል» አለ። «ተኝቷል፣ ተኝቷል። እኩል አይደለንም። አሸንፈሽኛል።» ወለሉን እያየ ቀጠለ። «እና ያ ያልኩሽ ነገር... ትመለሻለሽ ያልኩሽ። እንድትመለሺ አልፈልግም።»

«አባዬ!»

«ማለቴ፣ ተሸንፈሽ እንድትመለሺ አልፈልግም። ለጥየቃ ነይ እንጂ፣ ማን አትምጪ አለሽ? እንግዲህ አታስለፍልፊኝ!»

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እናትየው የታቀፈችውን ልብስ ወለሉ ላይ ጥላ «እግዜር ይስጣችሁ፣ ከስልክነት ተገላገልኩ» አለች፤ እሷም ታለቅስ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዋን እስከ አውቶቡሱ ተሸከመላት። በመንገድ ላይ ያወሩት ስለ ስለት አሳሳል ብቻ ነው፤ ሁለቱም ከዚያ ውጪ ያለውን ቢነኩት እንደሚያለቅሱ ያውቁታል።

እሑድ እናትየው አቧራ ልትጠርግ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጮኸች። «ኧረ እኔ አይደለሁም! ያ ትልቁ ቢጫ የት ሄደ?»

አይረቴ ካልሲውን ብቻ እንዳደረገ ሮጦ መጣ። ልጅቱ ከመሄዷ በፊት ለአዲስ ጨዋታ ጠጠሮቹን በየቦታቸው ደርድራለች። ሠላሳ አንዱ አሉ፤ የነሐሱ ንጉሥ ግን የለም። ንጉሡ በሚቆምበት ቤት ላይ ሮንዴላዋ ቁጭ ብላለች። ተራው የእሱ ነው።

ስልኩን አነሳ፤ በራሱ እጅ ሲደውልላት የመጀመሪያው ነው፣ ሌላ ጊዜ እናትየው ናት ደውላ የምታቀብለው።

«ደረስሽ?»

«ደረስኩ አባዬ። ክፍሌን አየሁት፣ ማሽኖቹንም አየኋቸው። አሮጌ ናቸው ግን ደህና ናቸው። ነገ እጀምራለሁ።»

«ብርድ አለ እዚያ?»

«አለ።»

«ጓንት እንዳታደርጊ!»

ሳቀች። «የመጀመሪያው ትምህርቴ እሱ ነው። አባቴን እያነሳሁ ነው የምነግራቸው። ምን ልበላቸው? ማሽኑ ነው?»

እናትየው ጨርቋን እንደያዘች ከጎኑ ቆማ ትሰማለች። አይረቴ ጣቱን አየ፤ ጫፉ ከሄደ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«ጥፋቱ የኔ ነው በያቸው» አለ። «እያወቅኩ ነው ያደረግኩት በያቸው። በርዶኝ ነው።»

«እሺ አባዬ። እላቸዋለሁ።»

«ንጉሤን ግን ላኪልኝ። ያለሱ እንዴት እጫወታለሁ?»

«አልክም» አለች ልጅቱ። «ና ውሰደው።»

አይረቴ ስልኩን አስቀምጦ ሰሌዳውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ ሻንጣው የት እንዳለ ጠየቃት፤ ሰኞ ጠዋት ፋብሪካው ሲከፈት የሦስት ቀን ፈቃድ ጠያቂ ሆኖ መጀመሪያ የተሰለፈው እሱ ነበር።